መምህር አስራትን ፎከስ ውስጥ ማስገባት

ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ ጋሽ ተሾመ መቀስ ሰጠኝና «ጉርድ ፎቶ ቁረጪ» አለኝ። ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ ፎቶውን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ አገጬን ለማን ሰጠሽው?» አለኝ። ሥራዬን የጀመርኩት እንግዲህ በሰው አገጭ ነው።

ካሜራ የተማርኩት ከስልኬ ቪዲዮ ነው። ዳታ ሲያልቅብኝ ትምህርቱ መሃል ላይ ይቋረጣል። እስከ ዛሬ የማላውቃቸው ነገሮች በሙሉ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የነበሩ ናቸው።

ጉርድ ማንሳት ከለመድኩ በኋላ ጋሽ ተሾመ ከጅማ አንድ ያገለገለ ሌንስ ይዞ መጣ። ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ፣ እስከ አንድ ነጥብ አራት ይከፈታል። የፊት መስታወቱ የሽሮ ድስት አፍ ያህላል። ለእኛ ከተማ የሚሆን ሌንስ ነበር፤ ሰማዩ ቢደምን፣ መብራት ቢጠፋ፣ በበር በሚገባው ብርሃን ብቻ ሰው ያነሳል።

ችግሩ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚወጣው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ዓይን ላይ ፎከስ ከያዝሽ አፍንጫው ይደበዝዛል። አፍንጫው ላይ ከያዝሽ ደንበኛው ይቆጣል።

«ሻጩ እስከ ሰኞ ሞክረው ብሎኛል» አለኝ ጋሽ ተሾመ። «ጥርት ያለ አንድ ፖርትሬት፣ ትልቅ የፊት ፎቶ፣ ካላወጣሽበት እመልሰዋለሁ። አንቺም ወደ ጉርድሽ።»

ፖርትሬት አንሺ መሆን እንዴት እንዳማረኝ እሱም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው እንዲህ ያለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መምህር አስራት ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር መጡ። ግማሹን ቦንጋ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው እሁድ ለሽኝታቸው የሚሰጥ ትልቅ ፍሬም አዘዋል። ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ጫማቸውን ከጭቃ ለማዳን በባጃጅ ነው የመጡት።

«ቤታችን ያለው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው» አለችኝ እትዬ ዘነበች። «እሱም ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ያስመስለዋል።»

መብራት ጠፍቶ ስለነበር መምህርን ከተከፈተው በር አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸው ላይ ፎከስ ያዝኩ። ልጫን ስል አንድ ሰው በበሩ ብቅ አለ።

«መምህር! እንደምን አደሩ?»

«ኖር!» ብለው ብድግ አሉ።

«በእግዜር! በእግዜር! ይቀመጡ!»

ጣቴ ግን ተጭኖት ነበር፤ ካሜራው ቀጭ አለ። ስክሪኑን አየሁ። የክራባታቸው ቋጠሮ ክሩ ይቆጠራል፤ ፊታቸው የጠዋት ጉም ነው።

ሰው ከተነሳ በኋላ ሲቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ አይመለስም። አንድ ጣት ወደፊት ወይም ወደኋላ ይላል። ለዚያ ሌንስ አንድ ጣት ማለት ከቦንጋ እስከ ዋጫ ከተማ ማለት ነው።

«መምህር፣ እባክዎ አይነሱ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ።»

የባጃጅ ሹፌር ቆም ብሎ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ተነሱ።

«ተማሪዎ አይደለም እንዴ? ለተማሪም ይነሳሉ?»

«ድሮ ነው ተማሪ። አሁን ሥራ ያለው ሰው ነው» አሉኝ።

«አንተ ሰው፣ ወንበሩ ይፋጃል?» አለች እትዬ ዘነበች።

በሩን ዘጋሁት። ጨለመ። ሌንሱ ፎከስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲዋትት የሚሰማኝ ድምፁ ብቻ ነበር። ከፈትኩት። ይሄኔ እትዬ ዘነበች ልታግዘኝ ብላ በሩ ላይ ቆመችና አላፊ አግዳሚውን «ዛሬ መነሳት አይችልም፤ ከዚያው ሆናችሁ ሰላም በሉት!» ማለት ጀመረች።

መምህር አስራት መነሳት አልቻሉም የሚል ወሬ ቦንጋ ውስጥ ከባጃጅ ይፈጥናል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴትዮ ብርቱካን ይዛ ገባች። ቀጥሎ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ።

«ምነው መምህር፣ ወገብ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ኖር!» ብለው ብድግ አሉ።

«ተነሱ! ተመስገን፣ ተነሱ!» አለች ባለብርቱካኗ፤ እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራት። እልልታው ባይወጣም መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሊያይ ገባ። ለእያንዳንዱም ተነሱለት።

«እንዴ መምህር!» አልኩ፤ እንባዬ መጥቷል።

«ልጄ፣ ሊጠይቀኝ የመጣን ሰው እንዴት ተቀምጬ ልቀበለው?»

ጋሽ ተሾመ ከባንኮኒው ኋላ «ሌንሱን ልጠቅልለው?» አለ።

እኔ መምህርን እያየሁ ነበር። ከተነሱ በኋላ ይቀመጣሉ፣ ትንፋሻቸውን ያወጣሉ፣ ከዚያ «ልጆች እንዴት ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሲያዳምጡ ቅንድባቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። የክፍላቸው ልጆች የሚፈሩትም የሚወዱትም ይህን ዝምታ ነበር።

መምህር ወደ ካሜራው እንዲያዩ ባለብርቱካኗን ትከሻዬ አጠገብ አቆምኳትና «ስለ ልጅሽ ንገሪያቸው» አልኳት። የፎከስ ነጥቡን መሃል ላይ ከመተው ወደ እኔ በቀረበው ዓይናቸው ላይ ወሰድኩት። ሌላ ሰው ሲገባ እንዲነሱ ተውኳቸው። ሲቀመጡ እንደገና ያዝኩ። ሴትዮዋ ልጇ ቢታ ገነት ከተማ ነርስ ሆና መመደቧን ስትነግራቸው ተጫንኩት።

ስክሪኑ ላይ አጉልቼ አየሁ። ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ ይታያል።

እትዬ ዘነበች ካሜራውን ተቀብላ አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ጆሮው የት ሄደ?»

ጋሽ ተሾመ ዞሮ አየኝ። ጆሯቸው ለምን እንደደበዘዘ፣ ስለ አፐርቸር ማስረዳት ጀመርኩ፤ ከምላሴ የወጣው ለእኔም አልገባኝም።

«ተይው ዘነቡ» አሉ መምህር። «አንቺን ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው፤ እሱም ጡረታ ይውጣ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ስክሪኑን ደግማ፣ ረዘም አድርጋ አየችው።

«ዓይኑ ግን ራሱ ነው» አለች። «የቸገረው ልጅ ቤታችን ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያየው። ይታተም።»

መብራት ከሰዓት በኋላ መጣ፤ አተምነው። እሁድ ፍሬሙን ሲቀበሉም ተነስተው እጅ ነሱ ሲባል ሰማሁ፤ ለገዛ ፎቷቸው።

ጋሽ ተሾመ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰኞ ሻጩ ሲደውል «ሌንሱ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ የሚቀጥለውን ደንበኛም ወደ እኔ ላከው።

አሁን የራሴ ስቱዲዮ አለኝ፤ ለሚያግዙኝ ልጆች የምነግራቸውም ይህንኑ ነው። አፐርቸሩን ከፍታችሁ ስታነሱ የሚቀርባችሁ ዓይን ላይ ፎከስ ያዙ። ሰውየው ከተነቃነቀ እንደገና ያዙ። ሰውን አትንቀሳቀስ ብሎ ከመለመን ይህ ይፈጥናል።