ስንቅ የማይገባበት ወህኒ

ከጉለሌ የወጣሁበት ሌሊት ሰዓት እላፊ ነበረበት፤ ስለዚህ እውነቱን ለመናገር የወጣሁት ጠዋት ነው። ሊሰናበቱኝ ማታ ብቅ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሰዓቱ አመለጣቸውና እኛው ቤት አደሩ። ጎንደር አክስቴን ልጠይቅ ነው የተባሉት።

«ለአክስት ጥየቃ ይህ ሁሉ እንባ?» አሉ እናቴን ትክ ብለው እያዩ።

«ጉንፋን ነው» አለች እማዬ።

«እንግዲህ ጉንፋኑ መንገዱን ያቅናላት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። አስተዋይ ሴት ነበሩ።

ሲነጋ እማዬ ሁለት ስንቅ ቋጠረች። አንዱ የእኔ የመንገድ ነው። ሁለተኛው የወንድሜ የሳሙኤል ነበር፤ ሳሙኤል ግን የት እንዳለ አናውቅም።

ሳሙኤል ታናሼ ቢሆንም አስተማሪዬ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከልብስ ስፌት መልስ፣ በማታው ክፍል፣ ጓደኞቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። እሱ ደብተሬን ይዞ «እትዬ፣ እዚህ ጋ አራት ነጥብ ረስተሻል፤ ሰውዬው መቼ ሊተነፍስ ነው?» ይለኝ ነበር። እሱን የወሰዱት ከጳውሎስ ሆስፒታል በላይ ካለ ቤት፣ ከጸሎት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስለነበር ወጣቶቹ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር።

ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ድረስ ወደ ታሰረበት ግቢ ስንቅ አመላለስኩ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ለሚያድጉት ልጆች ብዬ ልጻፈው። እኛ ዘንድ እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው። በር ላይ ዘብ ይቆማል፤ ምሳ ዕቃውን ትከፍቺለታለሽ፤ ፊቱ ትቀምሻለሽ፤ ከዚያ ይገባል። ባዶው ዕቃ ሲመለስ በልቷል ማለት ነው፣ በልቷል ማለት ደግሞ አለ።

«ዛሬ ምንድን ነው?» ይለኛል አብዮት ጠባቂው።

«ሽሮ።»

«ትናንትም ሽሮ! ጌታችሁ ዓሣ አያበዛላችሁም እንዴ? በይ ቅመሺ። ዋጪው እንጂ፣ አፍሽ ውስጥ ምን ያንከባልለዋል!»

ሳሙኤል ግራኝ ነው። ባዶውን ምሳ ዕቃ በጨርቁ መልሶ ሲቋጥረው ቋጠሮው የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ጥርስ ካልታገዘበት አይፈታም። ዘቡ ራሱ «የጴንጤ ቋጠሮ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። እማዬ ቋጠሮውን ሳትፈታ መጀመሪያ ትስመዋለች። ለእኛ ደብዳቤያችን እሱ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ።

«ነገ አታምጪ።»

«ተዛውሮ ነው?»

«አታምጪ በያት ተብያለሁ፤ አታምጪ።»

ተፈትቷል አላሉን፣ ሞቷል አላሉን። ሞቷል ቢሉን እንኳ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ግን ቢያንስ የምንደብቀው ሐዘን ይኖረን ነበር። እማዬ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በከተማው ያለውን የእስር ቤት በር ሁሉ መዞር ያዘች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ስንቁን የተቀበለ በር ልጄን ይዞልኛል። እኔ ደግሞ ማመልከቻ እጽፍ ጀመር። ካሮጌ የሕግ መጽሐፍ ያገኘሁትን አንቀጽ ሁሉ እየጠቀስኩ፣ ነጥቤን ሳልረሳ፣ «በየትኛው ሕግ፣ በማን ትእዛዝ» እያልኩ። አንድ የቀበሌ ሰው፣ የሳሙኤል የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረ፣ ሸጎሌ ከብት ተራ አግኝቶኝ በግ የሚያማርጥ መስሎ «ስምሽ በስብሰባ ተነሥቷል፤ ሳምንት አትቆዪ» አለኝ። ስደቴ ይኸው ነው።

መንገዱን ብዙዎች ጽፈውታል፤ አልደግመውም። መተማን በእግር አለፍኩ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ቡና እንደሚሸጡት ሴቶች ጀበና ሳይሆን መርፌ አዳነኝ፣ የሰው ልብስ እየጠገንኩ ኖርኩ። ከዚያ ወረቀት ወጣልኝና ስዊድን ገባሁ። የእንጦጦን ብርድ እንሳደብ የነበርነውን ይቅር ይበለን! የእንጦጦ ብርድ ጠዋት መጥቶ፣ ሰላም ብሎ፣ በሦስት ሰዓት ይሄዳል። የዚህኛው ተከራይ ነው፤ አይለቅም።

የስደተኛ ጉዳይ ሹሙ ልጅ እግር፣ ጨዋ ነበር።

«የየትኛው ፓርቲ አባል ነበሩ?»

«የየትኛውም።»

«ታዲያ አገርዎ ምን አድርገው ነው የሚፈለጉት?»

«ወንድሜን ስፈልግ።»

«ወንድምዎን ፍለጋ ነው ወደ ስዊድን የመጡት?»

«የለም ጌታዬ። ጠይቄ የማልታሰርበት አገር ፍለጋ ነው።»

ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። «ምን ብዬ ልጻፈው?» ብላ ጠየቀችው።

ለጎልማሶች በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ኮምቩክስ ይሉታል፣ እንደገና ተማሪ ሆንኩ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የመረጥኩት የወንጀል ፍትሕ ነው። ያከራየችኝ ባልቴት፣ ታንት ቢርጊት፣ ታንት እትዬ እንደማለት ነው፣ ስትሰማ ማንኪያዋ ከእጇ ወደቀ።

«ፖሊስ ልትሆኚ? አንቺ? እቤት መኖርሽን እንኳ የማውቀው ውኃ ሲፈስ ነው!»

«ሌባም እኮ ድምፅ አያሰማም» አልኳት። የሷን ሣቅ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

ያገሬ ልጅ ግርማ፣ ከገዳሪፍ አብሮኝ የመጣው፣ ግን አልሣቀም። «አስቱ፣ ምን ነካሽ? እስር ቤት ሸሽተሽ እስር ቤት ትማሪያለሽ? ነርስ አትሆኚም?»

ሌሎቹ ተማሪዎች የሚማሩት ለሥራ ነበር። መምህራችን አንድ ቀን ትምህርቱ የሚያደርስበትን ሁሉ ዘረዘረልን፤ ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የሕግ ዲግሪ እንደሚጨመርበት፣ መርማሪ በፖሊስ ትምህርት ቤት በኩል እንደሚያልፍ፣ የወህኒ አስተዳደር፣ የተፈቺዎች ክትትል፣ ምርምር። እኔ ግን መርማሪ በሚለው ላይ ቀርቼ ነበር። እዚህ መርማሪ ማለት ከጠረጴዛ ማዶ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው። እኔ የማውቀው ቃል ሌላ ነው፤ እግር ገርፎ ያሳብጣል።

በሁለተኛው ዓመት ወህኒ ቤት ሊያስጎበኙን ወሰዱን። ባዶ እጄን እስረኛ ዘንድ እንዴት እሄዳለሁ? ድፎ ጋገርኩ፣ ምስር ሠራሁ፣ በጨርቅ ቋጠርኩ። በሩ ላይ ተራዬ ሲደርስ ዕቃዬን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሣሁ፣ ቆረስኩ፣ ዘቡን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጎረስኩና ዋጥኩ። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

ዘቡ ግራ ገባው። «ርቦሽ ከሆነ ውስጥ ምግብ ቤት አለ።»

ከኋላዬ ሣቅ ፈነዳ። እጄ ግን ከኋላዬ አልተላቀቀም።

«ለእስረኞቹ ነው» አልኩ። «ቀምሼዋለሁ። መርዝ የለበትም።»

ሣቁ ቆመ። ዘቡ ሽማግሌ ነበር፤ ክዳኑን ራሱ በቀስታ መለሰው። «እዚህ ምግብ ከውጭ አይገባም፣ እመቤት። እኛ ነን የምናበላቸው።»

«ታዲያ ቤተሰቡ መኖሩን በምን ያውቃል?»

ጥያቄው አልገባውም። ደግሜ ጠየቅኩት። በመጨረሻ «ይደውላል» አለኝ፣ ለልጅ እንደሚነገር።

እውነትም ኮሪደሩ ላይ ስልክ ነበር። አንድ ክንዱን የተነቀሰ ጎረምሳ ግድግዳ ተደግፎ ከእናቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ስለ ካልሲ። የላክሽልኝ ካልሲ ይኮሰኩሳል፣ ሌላ ላኪ ይላል። አጠገቡ ቆሜ አዳመጥኩ። ጓደኞቼ ስለ ክፍሎቹ ስፋት ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ እኔ ስለ ካልሲው አለቀስኩ። ምሳቸውን አቀመሱን፤ የሥጋ ኳስ ነው፣ ከጎኑ የጫካ ፍሬ ማርማላታ። ሥጋ በማርማላታ! ሳሙኤል ቢያይ «እትዬ፣ ይህ ምግብ ነጥቡን ረስቷል» ይል ነበር።

ስመረቅ ሥራ የጠየቅኩት እዚያው ወህኒ፣ ጠያቂ በሚቀበሉበት በር ነው። ከዲግሪው በታች ነው ብለው ሊያስተዉኝ ሞከሩ። እምቢ አልኩ። ሰው መጥቶ ስም ሲጠራልኝ «አዎ፣ አለ፤ ይቀመጡ፣ አስጠራዋለሁ» እላለሁ። ይህን ቃል መቼም አልጠግበውም።

እማዬ ጋ በወር አንዴ ዓርብ እደውላለሁ፣ ሰፈራችን ባለው የሐጂ ሙሐመድ ሱቅ ስልክ። ስልኩን ሌላ ጆሮም ስለሚሰማው የሳሙኤልን ስም አንጠራም። እሷ ግን በር መዞሯን አልተወችም። ባለፈው ዓርብ ሐጂ ራሳቸው አነሡ፤ «አስቴር፣ እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ ሱቄን ተረክባዋለች፤ ቶሎ አናግሪያት» አሉኝ።

እማዬ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አስቱ፣ ልጄ! ተቀበሉኝ!»

«ማን?»

«አንዱ በር! ምሳ ዕቃውን ተቀበለኝ፤ ገባ! ባዶውን መለሱልኝ። ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል።»

«ማን እንደበላው በምን አወቅሽ?» የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ሁሉ እሱን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ዋጥኩት። እሷ ግን ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

«ጨርቁን…» አለችና ድምፅዋ ቀጠነ። «ጨርቁን ለብቻው ነው የመለሱልኝ። ሳይቋጠር። መቋጠር ከልክለው ይሆን? አንቺ ተምረሻል። እንዲህ ያለ ሕግ አለ?»

ከጀርባዋ የሱቁ ሚዛን ሲንኳኳ ይሰማኛል። አንድ ሰው ስኳር ይጠይቃል።

«አለ፣ እማዬ» አልኩ። «አዲስ ሕግ ነው። መቋጠር ተከልክሏል።»

«እኔም ብያለሁ!» አለች፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣላት። ከዚያ ልክ ጓዳ እንዳለሁ ሁሉ፣ «ታዲያ ለነገ ምን ልሥራለት?»

«ሽሮ» አልኳት። «ሽሮ ሥሪለት።»