ቆዳ የለበሰው ሽጉጥ

የባሌ ታላቅ ወንድም ሽጉጥ አለው። ሕጋዊ ነው፤ ማንም እንዳይደነግጥ። ላይሰንስ አለው፣ የተኩስ ክለብ አባል ነው፣ ሽጉጡ ቃታው ተቆልፎ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ሌላ ቦታ ነው። በዚህ በኩል እንከን አላገኘሁበትም። ፈልጌ ነበር።

ሽጉጡ ያገለገለ ሪቮልቨር ነው፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ቤት ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ከአንድ የክለቡ ሽማግሌ ላይ የገዛው፣ ካናዳ ውስጥ ሽጉጥ መግዛትና መሸጥ ከመከልከሉ በፊት ነው። ይሄኛው ከእጁ ቢወጣ ሌላ መተካት አይችልም። ስለዚህ እንደ መጨረሻ ልጅ ያሞላቅቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ባሌ መኪናውን ይነዳለታል፣ ከጎኑ ቆሞ ዒላማ ሲመታ ያያል፣ ሲስት ደግሞ “ነፋሱ ነው ጋሼ” ይለዋል። ክለቡ ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ መስኮት እንኳ የለውም።

የምንኖረው ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነው፤ እሱ ከላይ፣ እኛ ከታች። ስፖንሰር አድርጎ ወደዚህ አገር ያመጣን እሱ ነው። ይህን እኔ ብረሳው እሱ ያስታውሰኛል። ፀጉሬ ሁሉ ነጭ ሆኖ ዛሬም “ሙሽሪት” ነው የሚለኝ፣ ትናንት ከሠርግ አዳራሽ እንደወጣሁ። የፍቅር ስም የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንዴት እንደተጀመረ ስለማውቅ አይመስለኝም፤ እሱን ግን አልጽፍም።

የሕፃኑን አልጋ ግን እጽፋለሁ። ልጃችን ስትወለድ ያገለገለ አልጋ ተሸክሞ መጣ። እንዲህ ያሉ አልጋዎች ሪኮል እንደተደረጉ፣ ማለትም ፋብሪካው ራሱ “አደገኛ ነውና መልሱልኝ” እንዳለ፣ ሥራ ቦታ ሰምቼ ስለነበር “ጋሼ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንይለት” አልኩ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል።

“ሰማችሁ?” አለ። “ሙሽሪት ከሣር ፍራሽ ላይ ተነሥታ መጥታ የካናዳ አልጋ ትመረምራለች!”

ሁሉም ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ትንሽ ነው የሳቀው፣ ግን አይቼዋለሁ። ልጄን አንድም ቀን አላስተኛኋትበትም፤ እኔም ስጦታ የናቀች ተብዬ ቀረሁ።

ወደ ሽጉጡ ልመለስ። አንድ ረቡዕ እራት እየበላን ባሌ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ፣ “ክለቡ ውስጥ አንድ ሰውዬ የጋሼ ዓይነት ሽጉጥ ሪኮል ተደርጓል ሲል ሰማሁ” አለኝ።

“ምን ሆኖ?”

“ጥይት ጎርሶ እያለ ከእጅ ከወደቀ በራሱ ሊተኩስ ይችላል ነው የሚሉት። እስኪ ውኃውን አቀብዪኝ።”

ውኃውን አላቀበልኩትም። የዋርሳዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። በፋሲካ ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ተደፋ፤ ሁላችንም ብርጭቆው ያንሸራትታል አልን። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ሹራብ መልበስ ጀመረ፤ ሹራብ ያምርብሃል አልነው። እንግዲህ ነገር ከእጁ የሚያመልጠው ሰው፣ ሲወድቅ የሚተኩስ ሽጉጥ ይዞ፣ ባሌ ደግሞ ከጎኑ ቆሞ ስለ ነፋስ ያወራል።

“ጋሼ ይህን ሲሰማ ምን አለ?”

“ፋብሪካው ዘንድ ደወልኩ፣ የኔ ይህ ችግር የለበትም ተባልኩ አለ።”

“የትኛውን ቁጥር ነገራቸው?”

“እኔ ምን አውቄ? ቁጥሩን ነዋ።”

በማግሥቱ መነጽሬን አድርጌ የፋብሪካውን ማስታወቂያ ስልኬ ላይ አነበብኩ። እንግሊዝኛውን ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ለማንበብ ግን አነባለሁ። የሽጉጡ ቁጥር እጀታው ታች፣ ግርጌው ላይ እንደተቀረጸ ይናገራል። የጥይቱን ቤት ሲከፍቱ ውስጥ የሚታየው ሌላ ቁጥር የፋብሪካው ምልክት እንጂ የሽጉጡ ቁጥር እንዳልሆነ፣ ሰው እንዳይሳሳት በደማቅ ፊደል ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። የእሱ ሽጉጥ ልብስ ለብሷል። አባቱ አገር ቤት ቆዳ የለበሰ ጠመንጃ ነበራቸው፤ የወንድ ልጅ መሣሪያ ራቁቱን አይሄድም ይሉ ነበር አሉ። ስለዚህ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ጫማ የሚሰፋ ያገራችን ሰው ዘንድ ሄዶ ለሪቮልቨሩ እጀታ ቡናማ ቆዳ አሰፋለት፣ ግርጌው ሳይቀር። ሲያሳየን ልክ ሙሽራ እንደሚገልጥ ሰው ነበር። ማስታወቂያውን የጻፉት ፈረንጆች ብዙ ነገር አስበዋል፤ ሽጉጡን ልብስ የሚያለብስ ሰው ግን አላሰቡም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባሌን አስከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ትንሽ መቀስ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

“ሙሽሪት! ምን እግር ጣለሽ?”

“የሽጉጥዎን ቁጥር ለማየት ነው ጋሼ።”

“ምን?” ወደ ወንድሙ ዞረ። “አንተ ነህ የነገርካት?”

ባሌ ጣሪያውን አየ።

“ደውያለሁ እኮ” አለኝ ጋሼ። “ማሽን ነው የመለሰልኝ። ቁጥሩን ነገርኩት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም አለ። አለቀ።”

“የትኛውን ቁጥር?”

“አሁን ደግሞ የመሣሪያ ባለሙያ ሆንሽ? ያኔ አልጋ፣ ዛሬ ሽጉጥ!”

“አልጋውን አልረሱትም ማለት ነው።”

“አንቺ መቼ አስረሳሽኝ!”

ሣጥኑን ግን አመጣ። ይህን ለክብሩ እጽፍለታለሁ። የሣጥኑን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ጊዜ ወሰደበት። ባሌ ጣሪያውን ትቶ ምንጣፉን ማየት ጀመረ፤ እኔም ባሌን። ጋሼ የቃታውን መቆለፊያ ከፈተ፣ የጥይቱን ቤት ወደ ጎን አውጥቶ ባዶ መሆኑን አሳየን፣ ከዚያ በጣቱ ውስጡን ነካ።

“ይኸውልሽ። ይህ ቁጥር ካልሆነ ምንድነው? የእናቴ ስልክ?”

“እሱ የፋብሪካው ምልክት ነው። የሽጉጡ ቁጥር ታች ነው፣ ከልብሱ ሥር።”

ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጆቹን ሁለቱንም ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው።

“ልታስወልቂው ነው?”

“ግርጌውን ብቻ። ስፌቱን ነው የምፈታው፣ ቆዳውን አልነካም።”

“ያባቴ ዓይነት እኮ ነው” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መቀሱን ይዤ ጠበቅሁት። ብዙ ዓመት ይህ ሰው እንዲህ ሆኖ ፊቴ እንዲቀመጥ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ ሲመጣ እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም። መቼም ጭራሽ አልጣፈጠኝም ብል እዋሻለሁ።

“ፍቺው እንግዲህ” አለ።

ስፌቱ የጫማ ክር ስለሆነ ጠንካራ ነው። አንድ በአንድ ፈታሁት። ቆዳው ሲገለጥ ግርጌው ላይ ፊደልና ቁጥር ወጣ፤ አፈፍ አድርጎ መነጽሬን ከፊቴ ላይ ወሰደና ራሱ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ደወልን። አሁን ማሽን ሳይሆን ሴት ናት ያነሣችው። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ፊደሉንና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነገራት፣ እሷም አጣርታ፣ አዎ፣ ይህ ችግር ካለባቸው አንዱ ነው አለችው። ጥይት እንዳያጎርሱት፣ እንዴት ለጥገና እንደሚላክ በጽሑፍ እንገልጽልዎታለን፣ ጥገናው በነፃ ነው፣ ሽጉጡም የርስዎ እንደሆነ ይመለስልዎታል።

“ነገ መተኮሻ ቀኔ ነው እኮ” አላት።

“አይሆንም ጌታዬ።”

“ለአንድ ቀን ብቻስ?”

“ለአንድም ቀን አይሆንም ጌታዬ።”

ስልኩን ዘጋ። አንድ ነገር ይሰብራል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተደግፎ ረጅም አየር አወጣ፤ ፊቱ ልክ ፈተና ቀርቷል እንደተባለ ተማሪ በራ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው ቅዳሜን ከእኔ ይበልጥ ይፈራው ነበር። እጄ አልቻለም ማለት አቃተው እንጂ። አሁን ግን ያልቻለው እጁ አይደለም፣ ሽጉጡ ነው። ስለ እጁ ያዘጋጀሁት አንድ ጥሩ ንግግር ነበረኝ፤ ዋጥኩት። ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ።

“ነገ አንሄድም” አለው ወንድሙን፣ እንደ ጄኔራል።

“እሺ ጋሼ።”

“ሲጠገንም ቢሆን… እናያለን። ለመሣሪያውም እረፍት ያስፈልገዋል።”

“እውነትዎን ነው ጋሼ።”

“ሙሽሪት፣ አየሽ? ቁጥሩን ደግሜ ማጣራቴ ጥሩ ሆነ።”

“በጣም ጥሩ አደረጉ” አልኩት። መነጽሬን እንዲመልስልኝ እጄን ዘረጋሁ።

ሊፍት ውስጥ ስንገባ ባሌ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እሱም እንደ ወንድሙ ያለ ረጅም አየር አወጣ። አየሁት።

“ትፈራ ነበር?”

“ከፋሲካ ወዲህ” አለ። “አንዴ ከእጁ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩለት። ደግነቱ ባዶ ነበር።”

“ታዲያ በየቅዳሜው ለምን ትሄዳለህ? አልሄድም አትለውም?”

“ታላቄ እኮ ነው። ምን ብዬ?”

“እኔ ስለው ግን ነውር የለውም።”

የፎቁን ቁጥሮች ሲቆጥር ሳየው፣ ያን ረቡዕ እራት አስታወስኩ፤ ያን የአየር ሁኔታ የሚያወራ ድምፁን።

“አንተ” አልኩት። “ሆን ብለህ ነው የነገርከኝ።”

“ውኃ አቀብዪኝ ነው ያልኩሽ” አለ፣ ሳቁን መደበቅ እያቃተው።

እንግዲህ እኔ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ተናጋሪ፣ ክፉ፣ ስጦታ የናቀች የተባልኩት፣ ሁለት ወንድማማቾች እርስ በርስ መናገር ያቃታቸውን ሁሉ ስለምናገርላቸው ኖሯል። አንዱ በሩን ይከፍትልኛል፣ ሌላው ይሰድበኛል፣ ከዚያ ሁለቱም እፎይ ይላሉ።

ሊፍቱ እኛ ፎቅ ሲደርስ ተቆጥቼ ቀድሜው ወጣሁ፣ በኮሪደሩም በፍጥነት ሄድኩ። የቤቱ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።