የአጭሩ ቤትና የረጅሙ ቤት ካሴት

ልጅ ሳለሁ የአያቴ ቤት ከእኔ ጋር የሚፎካከር ይመስለኝ ነበር፤ እኔ በየዓመቱ ስረዝም እሱ በየዓመቱ ያጥር ነበር። ምክንያቱን ያኔም አውቀው ነበር፦ ዶርዜ ላይ የቀርከሃውን ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው፣ የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል። እኛ ከአርባ ምንጭ የምንወጣው ለመስቀል ብቻ ስለነበር ግን፣ ዓመቱን ሙሉ የሆነው ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ሲመሽ አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጡና ተረት ይጀምራሉ። ጭሱ በቀርከሃው መካከል መውጫ እየፈለገ ይዞራል፤ ፍሙ አንዴ ፊታቸውን፣ አንዴ እጃቸውን ብቻ ያሳየናል፤ እኔም እያዳመጥኩ ማገዶውን በየርዝመቱ እደረድራለሁ። ከሁሉ የምወደው፣ ቤቱን ከምስጥ ንግሥት ሊያስጥል ስለተነሣው ሸማኔ የሚያወሩትን ነበር። ሸማኔው ጎረቤቶቹን ጠርቶ ቤቱን እንዳለ አሸክሞ ወደ ሌላ ኮረብታ ይወስዳል፤ ንግሥቲቱ ጠዋት ስትነቃ ክብ ባዶ መሬት ብቻ ታገኛለች። በቃ፣ መጨረሻው ይህ ነበር። ካደግሁ በኋላ ለእህቶቼ ልጆች «አያቴ እንዲህ ነበር የሚጨርሱት» እያልኩ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

አጎቴ ያኔ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሠርግ በቪዲዮ ይቀርጽ ስለነበር፣ በሁለት መስቀል ካሜራውን ይዞ አብሮን ወጥቷል። አያቴ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚያው ከተማ ሴቻ ሰፈር በአንድ መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ሁለቱ ካሴቶች ከእናቴ ቁም ሣጥን ወጡ። እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የአባዬን የመጨረሻ መስቀል አሳዪኝ። ያን ዓመት አራስ ሆኜ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።»

ካሴቶቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። አጎቴ ጋ ብደውል ሳቀብኝ። «አንቺ መዝገብ ቤት! ሁለቱም መስቀል ነው፤ እኔ ምኑን አስታውሼ?»

ወደ ሲዲ እንዲገለበጡልኝ ሲቀላ ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰድኳቸው። ባለቤቱ አንዱን ካሴት ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበና «እህቴ፣ ይሄ ሻግቷል፤ ሳይበጠስ ከተገለበጠልሽ ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። ከእያንዳንዱ መጀመሪያውን ብቻ አየሁ። በአንደኛው አያቴ በቀን ብርሃን ከአንድ ረጅም ቤት ደጃፍ ቆመዋል፤ በሁለተኛው የበሩ ጉበን ራሳቸውን ሊነካ ደርሷል። ቤት የሚሄደው ወደ ማጠር ነውና አልተጠራጠርኩም። «ሲዲው ላይ ምን ልጻፍ?» ሲለኝ «በአጭሩ ቤት ላይ ‘የመጨረሻው’ በል» አልኩ። በማይለቅ ማርከር ጻፈው።

ለመስቀል ሁላችንም እናቴ ቤት ተሰብስበን «የመጨረሻው»ን ከፈትን። አያቴ በጋሞኛ ተረቱን እስከ መጨረሻው ተረኩት፦ የምስጧ ንግሥት ከቀርከሃው ውስጥ ተኝታ ስለነበር፣ ጎረቤቶቹ ከቤቱ ጋር እሷንም ተሸክመዋት ሄዱ። የእህቶቼ ልጆች ዞረው አዩኝ። በዚህ መካከል ከቴሌቪዥኑ የሴት ሳቅ ተሰማ፤ እናቴም ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ቆይ፣ ቆይ! እኔ ነኝ እኮ የምስቀው!»

«ምን?»

«እዚያ ነበርኩ እያልኩሽ ነው! ይሄ የመጨረሻው አይደለም። ይሄን ቤት ምስጥ ጨርሶት በዓመቱ አዲስ ተሠራ፤ አዲሱ ነው ረጅሙ። አንቺ ልጅ፣ ቤት አዲስ አይሠራም ያለሽ ማነው?»

ደንግጬ ሌላውን አስገባሁ። በቀን የተቀረጸው ካለፈ በኋላ፣ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጭ መስመር እያቋረጠው፣ አያቴ ከጨለማው ውስጥ ብቅ አሉ፤ የካሜራው መብራት ከእሳቸው በቀር ማንንም አይዝም። ያሳላሉ። ያንኑ ተረት ጀምረው፣ ጎረቤቶቹ ቤቱን ከመሬት ሲያነሡት አቆሙ።

«ደከመኝ። አንቺ ጨርሺው።»

ከጨለማው የአንዲት ልጅ ድምፅ ፈጥኖ፣ ምንም ሳያመነታ መለሰ፦ ንግሥቲቱ ነቃች፣ ክብ ባዶ መሬት ብቻ አገኘች፣ አለቀ።

አያቴ ፈገግ ብለው «እንዲያ ነው እንዴ?» አሉ። «ይሁን።»

ቀረጻው እዚያ ላይ ተቋረጠ። እናቴ እያለቀሰች «ድገሚልኝ» አለች፤ ሦስት ጊዜ ደገምኩላት። እኔ ግን እያንዳንዱን ፋይል ቦታ ቦታው የማስይዝ ሰው፣ ያን የልጅነት ድምፄን የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም። የራሴን ቃል እነዚያን ሁሉ ዓመታት በእሳቸው ድምፅ እንዴት ሰማሁት? ተረቱን አስረክበውኝ ነው ወይስ ደክሟቸው ብቻ? ዛሬም አልለየሁትም።

ማርከሩ አልለቀቀም። እናቴ አባቷን ማየት ሲያምራት «የመጨረሻው» የተባለውን ትታ ሌላውን ታነሣለች። እኔም ተረቱን ስናገር ቤቱ ከመሬት የሚነሣበት ጋ ስደርስ ቆም ማለት ልማድ ሆኖብኛል። ልጆቹ «ከዚያስ?» ይሉኛል። ከመካከላቸው አንዱ ቀድሞኝ ይጨርሰው እንደሆነ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ።