የከብቶቹ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ሮቤ ዳር ባለው ሰፈራችን ከብት ሲከተብ የበሬያችንን ቀንድ ይዤ ቆሜ ነበር። ከታቢው ባዶውን ብልቃጥ ድንጋይ ላይ አኖረው። አንስቼ አነበብኩት፤ «በኢትዮጵያ የተመረተ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት።

ነገሩ የሆነው አስረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ገብስ የሚወቃበት ወር፤ ጠዋት አመዳይ፣ ቀን ላይ የገለባ አቧራ። ታላቅ ወንድሜን ከድርን ምራቁ የሚዝረበረብ የማናውቀው ውሻ አውራ ጣቱን ነከሰው። በሳሙና አጠብነውና በሚኒባስ ጤና ጣቢያ ሄድን።

«የእብድ ውሻ ክትባት አልቋል» አለችን ነርሷ። «ከውጭ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ሰኞ ብቅ በሉ።»

ሰኞ ደግሞ ሰፈራችን ከብት የሚከተብበት ቀን ሆነ። አባቴ «ሂዱ፣ እኔ እይዛቸዋለሁ» አለ። ከድር እምቢ አለ። «አባ፣ ያን ጥቁር በሬ ብቻህን አትችለውም። እኔ ነገ እሄዳለሁ።» እኔም ዝም አልኩ። የተማርኩት እኔ፣ ዝም አልኩ።

ከድር በፋሻ በታሰረ እጁ በሬውን ይዞ ከከታቢው ጋር ቀለደ። «ዶክተር፣ ለእኔም አንድ ውጋኝ! ወላሂ፣ አልራገጥም።»

ከታቢው ሳቀ። «የአንተማ ከየት ተገኝቶ! የከብቱ እዚሁ አገራችን ይሠራል፣ ሞልቷል።»

ሁላችንም ሳቅን። ያ ሳቅ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ ሄድን። «ትናንት ትንሽ መጥቶ ነበር፤ አለቀ» አለችን ነርሷ፣ ዓይናችንን ሳታይ። ደግሞ ሰኞ አለችን። ሄድን፤ የለም። ደግሞ ሰኞ።

ከወር በኋላ ሻይ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ሲያይ ጉሮሮው ተቆለፈ። «ውሰደው! ከፊቴ ውሰደው!» ብሎ ጮኸ። ያ እንደ ውሃ ሻይ የሚጠጣ ልጅ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ጎባ የሚያስተምር ጓደኛዬ «ፋብሪካ መገንባት ውድ ነው፤ ከውጭ መግዛት ይረክሳል» ይለኛል። ለማን ነው የሚረክሰው? ለከብት የሚሆን ገንዘብ መንግሥት አግኝቷል፤ ደግ አድርጓል፣ በሬ ባይኖር አናርስም። ግን በሬውን የሚይዘውስ? ለእሱ ሲሆን ለምንድን ነው የሰው አገር እጅ የምናየው? የከብቱን መሥራት የቻለ አገር የሰውን መሥራት አያቅተውም። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ግን ማንበብ እችላለሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ከብት ሲከተብ አይወጣም፤ እኔን ይልካል።

ዛሬም ከታቢው ሣጥኑን ዘጋና ጮክ ብሎ ተናገረ። «ያልተከተበ ከብት ያላችሁ ሰኞ አምጡ! ሞልቷል!»

ብልቃጡን መለስኩለትና በሬውን ነዳሁ። ሰኞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለከብት ሲሆን ሰኞ ብለው ቀርተው አያውቁም።