የተገነጠለው እድር

ጎንደር ላይ ዓለም አቀፍ ሕግ አስተምራለሁ። አገር እንዴት እንደሚወለድ፣ ሕዝብ የራሱን ዕድል በራሱ እንዴት እንደሚወስን ሳነሳ ክፍሉ በክርክር ይሞቃል። መገንጠልን በዓይኔ ያየሁት ግን ከማክሰኝት ወዲያ፣ ወላጆቼ ቀዬ ነው። የተገነጠለውም እድር ነበር።

ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋር እድራችን አንድ ነበር፤ ጠቡን ያመጣው ወንዙ ነው። ክረምት ሲሞላ የማዶው ሰው ለእኛ ቀብር አይመጣም፤ እኛ ስንቀር ግን እድሩ ይቀጣናል። ይኼ ምን የሚሉት ግፍ ነው! የቀዬያችን ሰዎች የራሳቸውን እድር አቆሙና አባቴን ዳኛ አደረጉት። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ በሰበሰቡን ቀን ለቀዬያችን ስከራከር የማዶው ዳኛ አፈጠጡብኝ።

«ለመሆኑ ማን አወቃችሁና ነው እድር የሆናችሁ?»

«አያ፣ ሰው አለን፣ ቀዬ አለን፣ ዳኛ አለን። ይኸው ከእናንተም ጋር ተቀምጠን እየተነጋገርን ነው። አገር እንኳ ከዚህ በላይ አይጠየቅም። ብታውቁን ሸጋ፤ ባታውቁንም አለን!»

«ሞት ሲመጣ እንተያያለን» አሉኝ።

መጣ። ነሐሴ ላይ እናቴ አረፈች። ገና ገንዘን ሳንጨርስ ከማዶ ተደወለ፤ ከተመለሳችሁ ድንኳኑም ሰዉም ይመጣል፣ እምቢ ካላችሁ ብቻችሁን ቅበሩ አሉን። ድንኳን አልነበረንም። አባቴ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«እናትሽ እንደ ባይተዋር በጥቂት ሰው ትቀበር? በቃ፣ ልመለስ።»

«ሞቼ እገኛለሁ! በሬሳዋ ሊያስፈራሩን? እሷ እኮ ከማንም ቀድማ ነው እንለይ ያለችው!»

አዎ፣ ሚስቱን ባጣ ሰው ላይ ጮህኩ። አይቆጨኝም።

ጎረቤቶቻችን በዝናብ መቃብር ቆፈሩ፣ የእህል መውቂያ ሸራ ወጠሩ። ቃሬዛው ሊነሳ ሲል የማዶው ዳኛ ጥቂት ሰዎች አስከትለው ደረሱ። ወንዙን በእግራቸው ተሻግረው እስከ ደረታቸው ርሰዋል። ደሜ ፈላ፤ ላባርራቸው ተነሳሁ።

ቃሬዛውን ግን አልነኩም። በአገራችን ሰው የራሱን እድር ሬሳ ሲያነሳ ማንንም አይጠይቅም፤ የሌላ እድር ሬሳ ከሆነ ግን ዳኛውን ያስፈቅዳል። የማዶው ዳኛ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ።

«የዚህ እድር ዳኛ ማነው?» አሉ፣ እያወቁት።

አባቴ እንባውን ሳይጠርግ ቀና አለ። «እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ፍቀድልን፤ እኛም እንሸከማት።»