ያልተገኘው ምልክት

አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ፣ ጃኬቷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተጣበቀ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የምልክት ቋንቋ ትለማመዳለች። አስተማሪዋ በቪዲዮ የምታሳየውን በጣቶቿ ትደግማለች። ኔትወርኩ ሲቋረጥ እጇ አየር ላይ ይቀራል።

«ኤጭ! አሁንም ቆመ!»

«ምን እየተማርሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» አሏት አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ።

«ልጄ ከታመመ ወዲህ አይሰማም፣ አባባ። ድመት፣ ቤት፣ ውሃ ማለት ችያለሁ። ‹ለምን ተቀየምከኝ?› የሚለውን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።»

ትናንት የምታውቃቸውን ምልክቶች ገጣጥማ ልትጠይቀው ሞክራ ነበር። ጣቶቿ ተወሳሰቡባት፤ ተናዳ እንደገና ጀመረች። ልጇ ትንሽ ታገሣት። ከዚያ በሩን ወርውሮ ዘግቶ አልወጣም፤ ፊት ለፊቷ እንደተቀመጠ ዓይኑን ጨፈነ። እሷም እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች።