ወንድሜ ሰባት ዓመት የፈለገው አርማ ሠሪ

የጎሚስታው ስልክ ሲመጣ አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። ከወንድሜ ጋራዥ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ሰው ነው፤ ሲደውል ሁልጊዜ በቀልድ ይጀምራል። ያን ቀን "እትዬ፣ እንደምን አደሩ" ብቻ አለ። ከዚያ ወንድሜ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አልነቃ እንዳለው፣ ሐኪምም መጥቶ ማረፉን እንዳረጋገጠ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁና የቀረውን ግማሽ አንሶላ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ለምን እንዳደረግኩት እስካሁን አልገባኝም።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ታናሼ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ባትላሜራ ሠርቷል፤ የተጨፈለቀ በር፣ የተጣጠፈ ፓራፋንጎ በመዶሻ እየመታ ያቀናል። መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ቆርቆሮውን በመዳፉ ሲዳብስ ስለሚቆይ የሰፈሩ መካኒኮች "አይቸኩል" ይሉት ነበር። ደንበኛ ሲጨቀጭቀው፣ መኪናው ሲጋጭ ቸኩሎ ነው፣ ሲድን ግን ይታገሥ ይላል።

የራሱ መኪና ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረች። ከአሥር ዓመት በፊት ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ግቢ፣ ሸራ ሥር አገኛት። ሞተሯ የሌላ ፋብሪካ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሯ የተመታበት የብረት ሰሌዳም ጠፍቷል። ማን እንደሠራት የሚናገር ነገር ቢኖር አፍንጫዋ ላይ ያለው አርማ ብቻ ነው፤ ክንፏን የዘረጋች ወፍና ከሥሯ በላቲን ፊደል የተቀረጸ ስም።

ደብዳቤዎቹን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ጡረታ የወጣሁት ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው፤ እሱ የውጭ ቋንቋ አይጽፍም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እኔ ቤት ይመጣል፣ እጁን ሁለቴ ይታጠባል፣ እሱ ይናገራል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ። ባሕር ማዶ ካለ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ጋር እንዲህ ሰባት ዓመት ተጻጻፍን። እንደነገሩን ወፏ የአንድ ትንሽ ፋብሪካ አርማ ነበረች። ፋብሪካው ጥቂት መኪኖች እንደሠራ አንድ ትልቅ ኩባንያ ገዛውና፣ የመኪኖቹን አካል ሳይቀይር ወፏን ነቅሎ የራሱን አርማ ለጠፈበት። ከዚያ ዘመን የተረፉት ወፎች ሁሉ ቀልጠው በቅርጽ ማውጫ የፈሰሱ አሉሚኒየም ናቸው። በእጅ የተቆረጠ ነሐስ የወንድሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርጽ ማውጫው ከመሠራቱ በፊት የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና መሆን አለባት አሉ። በሚያሳትሙት መጽሐፍ ሙሉ ገጽ ሊሰጧት፣ ከሥሩም የወንድሜን ስም ሊያሰፍሩ ወሰኑ። ይህን ሳነብለት "እታለም፣ እስቲ ድገሚው" አለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩለት።

ለገጹ አንድ ነገር ቀረ፤ የአርማው ጀርባ ፎቶ። ሲነቀል ይሰበራል ብሎ ስለፈራ ወራት አዘገየው። በሞተበት ሳምንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

"እታለም፣ ሰውየውን አገኘሁት።"

"የቱን ሰውዬ?"

"አርማውን የሠራውን።"

"በሕይወት አለ?"

"አለ። እኔ ነኝ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አርማውን ነቅሎ ሲገለብጠው በጀርባው ያው ስም ተጀምሮ ቀርቷል፤ ሦስተኛው ፊደል በመስታወት እንደታየ ግራና ቀኙ ተለዋውጧል። ስህተቱን ወዲያው አወቀው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ላቲን ፊደል ማንበብ ሳይችል፣ ያኔ የተቀጠረበት ጋራዥ ባለቤት አንድ ሥዕል ሰጥቶ በነሐስ ቁረጠው ብሎት ነበር። ፊደሉን ሲገለብጠው ባለቤቱ፣ የኋላ ማሳያ መስታወት እያየህ ነው እንዴ የምትቀርጸው ብሎ ጋራዡን ሁሉ አሳቀበት። ነሐሱ እንዳይባክን በሌላው ፊቱ እንደገና ሠራው። የበር ስም፣ ማኅተም፣ ታርጋ በየሳምንቱ ስለሚቀርጽ ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ከዚያም ረሳው። አርማው የጠፋበት የመኪናዋ የቀድሞ ባለቤት አሠርቶት ይሆናል። ሥዕሉን ከየት እንዳመጣው፣ መኪናዋም በእርግጥ የዚያ ፋብሪካ ትሁን አትሁን፣ የሚያውቅ ሰው አልተረፈም።

"የገዛ ሥራዬን እየወለወልኩ ሰባት ዓመት ሙሉ የማን ነው እላለሁ" አለ። ድምፁ ደንግጧል። ከዚያ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ በያቸው አለኝ። ልብስ ዘፍዝፌ ነበር። ሐሙስ ስትመጣ እንጽፋለን አልኩት፤ እሺ አለ። ረቡዕ ጠዋት ሞተ።

ለቅሶው ላይ ጎሚስታው "በዕድሜው የቸኮለው ዛሬ ብቻ ነው" ሲል የሳቁም ነበሩ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የአርማውን ነገር አስብ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው የራሱ ስህተት ተመልሶ እጁ ላይ መውደቁ፣ ከሞቱ ጋር ተደባልቆብኝ፣ የትኛው እንዳደነገጠኝ መለየት አቃተኝ።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ማኅበሩ የገጹን ናሙና ላከ። መሞቱን አያውቁም። ከላይ "የመጀመሪያዋ" ይላል፣ መሐል የመኪናዋ ፎቶ፣ ከታች የወንድሜ ስም። በወረቀት አትሜ ለጎሚስታው ወሰድኩለት፤ ሰኞ የሰማሁትንም ነገርኩት። ወረቀቱን ላለማቆሸሽ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ብዙ አየው።

"ማን ያውቃል፣ እትዬ? ይተዉት። ስሙ እንኳ መጽሐፍ ላይ ይኑርለት።"

"እሱ ያውቅ ነበር" አልኩት።

"እሱማ የለም።"

ለቅሶ ቤት ስንት ሰው ይህንኑ ብሎኝ ነበር። በእርግጥ የሰማሁት ግን ከጎሚስታው አፍ ነው። ጎማ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱም ሥራውን አቁሞ አጠገቤ ቆመ።

መጽሐፉ በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። ወንድሜ ከሞተ ሦስት ሐሙስ አልፏል። በእያንዳንዱ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቀኑንና ሰላምታውን ጽፌያለሁ። ከዚያ በታች ያለው ደብዳቤ አልተጻፈም።